በጾም የተረፉ አውራ ዶሮዎች

ጡረታ ወጥቼ ቢሾፍቱ ከገባሁ ወዲህ በሰፈሩ ያለኝ ማዕረግ «ዶሮ ጠባቂው» ነው። ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ምን ስትሠራ ቆየህ ሲሉኝ፣ አንድ ቀን ማስረዳቱ ታክቶኝ «ዶሮ» ብዬ መለስኩ፤ በቃ፣ ስሙ ጸና። ጎረቤቴ ሻምበል ግርማ ደግሞ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ሌላው መኪና ነድቶ ሲመጣ ይሄ ዶሮ ነድቶ መጣ» እያለ ያስቅብኛል። እኔም አልተውኩትም፤ እሱ ግቢ ያሉትን ዶሮዎች ባየሁ ቁጥር «ሻምበል፣ እነዚህን የሚጠብቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንዴ እንዲህ የከሱት?» እለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ዶሮ መጠበቅ ሳይሆን የዶሮ ደም ማንበብ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ እዚሁ አገሬ በዶሮ እርባታ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት ከሠራሁ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 አንድ የዶሮ ኩባንያ በኮንትራት ቀጥሮ ዐረብ አገር፣ ደማም ከተማ ወሰደኝ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ሙያዬን «የጽዳት ረዳት» ብለው ጻፉት። ይህን ለማስተካከል አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ተሸክሜ ተመላለስኩና በመጨረሻ እኔው ተውኩት። የምኖረው አል አዳማ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነበር። ላቦራቶሪው እዚያው ደማም ነው፤ እርሻው ከከተማ ወጥቶ አሸዋው ውስጥ፣ አለቆቻችን ደግሞ ጎረቤት ከተማ ኾባር፣ ባሕሩ ከሚታይበት ፎቅ ላይ። ዶሮ ዶሮ የምንሸተው ሰዎችና ስለ ዶሮ የሚወስኑት ሰዎች የምንገናኘው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳ። የሥጋ ዶሮ ቶሎ እንዲያድግ ብለህ ትልልቁን አውራ ለዘር ስታስቀር፣ ልጆቹ ይፋፋሉ። ሆዳቸውን ስትከፍተው ግን እፍኝ ሙሉ ሞራ ታገኛለህ። ያ ሞራ በከንቱ የተበላ መኖ ነው፤ ገዢም አይወደውም፣ በዚያ አገር ሙቀት ደግሞ ዶሮውን ያፍነዋል። አልፎ አልፎ ግን በደንብ እያደገ ሞራ የማይዝ ዶሮ ይወለዳል። የነዚህን ደም ስትመረምር፣ ከወላጆቻቸው በሚወርሱት ረጅም መልእክት ውስጥ አንዲት ፊደል ከሌሎቹ ተለይታ ትገኛለች። ፊደሏን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ዶሮ፣ በእኛ መንጋ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞራው ያነሰ ነው። «በእኛ መንጋ ውስጥ» እና «አብዛኛውን ጊዜ» ማለቴ የላቦራቶሪ አለቃዬን ዶክተር ኢድሪስን ዛሬም ስለምፈራቸው ነው። በሌላ መንጋ ያቺው ፊደል ምንም ላትፈይድ ትችላለች፤ ይህን ዘንግቶ ያወራ ሰው ከእሳቸው ተግሣጽ አያመልጥም ነበር።

ዶክተር ኢድሪስ ሱዳናዊ ናቸው። ስንገናኝ ስድሳን አልፈው ነበር፤ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። እኔን በዐረብኛ አጠራር «ያ ዘውዴ» ነበር የሚሉኝ። ዶሮ ከመውጋታቸው በፊት ቢስሚላህ ይሉና ላባዋን አንዴ ዳበስ ያደርጓታል፤ ይቅርታ እየጠየቋት ነበር የሚመስለኝ። ማንኛውም ዶሮ ሁለቴ ይመዘናል፤ ሁለተኛው መዛኝ የመጀመሪያውን ቁጥር መስማት የለበትም። ወረቀት ከማየታቸው በፊት ሁልጊዜ ዶሮውን ያነሱና ሦስት ጣታቸውን ከሆዱ ሥር፣ ከፍርምባው አጥንት ጫፍ ወደ ኋላ ሰደድ አድርገው ይነካሉ። «እጅ ይቅደም፣ ወረቀት ይከተል» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ እጄን ስሰድ ምንም አልለይም። በሁለተኛው ዓመት ሞራ ያለበት ሆድ ሊጥ እንደያዘ ጨርቅ እጅ ላይ እንደሚያርፍ ገባኝ፤ የሌለበት ሆድ ግን ቆዳውና ጡንቻው ብቻ ይሰማል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ሰበብም እሱው ነው። እርሻው ላይ ደም የሚቀዳው ሙስጠፋ የሚባል ግብፃዊ ባልደረባችን ነበር። ከክንፍ ሥር ካለው የደም ሥር ትንሽ ደም ይቀዳና ከጣት በምታንስ ብልቃጥ እያደረገ መደርደሪያ ላይ ይሰካል። መደርደሪያው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ሃያ ቀዳዳ ነው። የዶሮዎቹ የክንፍ ቁጥር በተራ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ደሙን አጥቤ፣ የምንፈልጋት ፊደል ያለችበትን ቁራጭ አብዝቼ፣ በመድኃኒት ቆራርጬ፣ ጄል በሚባል ዝልግልግ ንጣፍ ላይ አፍስሼ በመብራት ሳየው መስመሮች ይወጣሉ፤ ከመስመሮቹ አሰላለፍ ማን የቷን ፊደል እንደያዘ አነባለሁ። ዶክተር ኢድሪስ በየረድፉ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ደም ሳይሆን ንጹሕ ውሃ እንዲሰካ ያዝዙ ነበር። ውሃ መስመር የለውም። ጄሉ ላይ ባዶው ቦታ ሦስተኛው ላይ ከታየ ረድፉ ልክ ነው፤ ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ከታየ መደርደሪያው ዞሮ ተነቧል ማለት ነው። ሙስጠፋ እንደ አጻጻፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረድራል፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ አነባለሁ፤ ስለዚህ ይህ መዞር ስንት ጊዜ ደርሶ ውሃዋን አይተን እየሳቅን አስተካክለናል።

በሦስተኛው ዓመቴ ላይ ችግር መጣ። ዶክተር ኢድሪስ ይህን ሞራ የሌለውን ዘር ቤት ሰባት በምንለው አዳራሽ ለስምንት ዓመት አሳድገውታል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አቡ ናስር ግን ጫጩት ከውጭ መግዛት ይቀላል የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። ኾባር ጠርቶን፣ በጨዋ ደንብ ሻይ አስቀርቦ፣ «አንድ ትውልድ ብቻ እጠብቃለሁ። የሚቀጥለው ትውልድ ያደገና ያልሰባ ካልሆነ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ቤት ሰባት ይዘጋል» አለን። ስንወጣ ዶክተር ኢድሪስ በጣም አሳዘኑኝ፤ አባቴ ከርስቱ ሲነቀል ቆሜ የማይ ነው የመሰለኝ።

የዚያን ትውልድ አባቶች ልንመርጥ ስንል ዶክተር ኢድሪስ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ኾባር ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም ሦስት ሳምንት እንዲያርፉ ታዘዙ። ሴቶቹ ዶሮዎች ቀድመው ተመርጠዋል። የቀሩት አርባ አውራዎች ናቸው። መደርደሪያው አርባ ቀዳዳ፤ አውራዎቹ አርባ። ውሃው ሁለት ቀዳዳ ስለሚወስድ ለሁለት ዶሮ ብዬ ሌላ ጄል መሥራት ሊኖርብኝ ነው፤ የሚቆርጠው መድኃኒት ደግሞ እያለቀ ነበር። ለሙስጠፋ ደወልኩና «ዛሬ ውሃዋን ተዋት፣ አርባውንም ሰካልኝ» አልኩት።

«ዶክተሩስ?» አለኝ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ እኔ አለሁ» አልኩ። ያን «እኔ አለሁ» ያልኩበትን አፌን ዛሬም ስንት ጊዜ እረግመዋለሁ።

ጄሉ አምሮ ወጣ። አሥራ ሁለት አውራ መርጬ አስቀረሁ፣ ሃያ ስምንቱ ውድቅ ሆኑ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በዚያ አገር የምንኖር ኦርቶዶክሶች ለፋሲካ የምንመኘው ከነነፍሱ ያለ አውራ ዶሮ ነው፤ የሱቁ ሥጋ በሌላ ወግ የታረደ ስለሆነ፣ በራሳችን ሰው እጅ፣ በራሳችን ወግ የታረደ ካልሆነ ብዙዎቻችን አንገድፍበትም። ስለዚህ ከውድቆቹ ስምንቱን ለምኜ ለአገሬ ልጆች አደልኩ። ሃያዎቹ ቄራ ሄዱ። የእርሻው ዘበኛ ስምንቱን ዶሮ ያለ መውጫ ፈቃድ አላሳልፍም ብሎ፣ የያንዳንዱን የክንፍ ቁጥርና የሚወስደውን ሰው ስም አስጽፎ አስፈረመኝ። ግማሽ ቀን አቃጠለብኝ ብዬ ሰድቤዋለሁ፤ አላህ ዕድሜ ይስጠው።

የሕማማት ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ኢድሪስ ጥቁር መነጽር አድርገው ቤት ሰባት መጡ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ አላዩትም። አንዱን አውራ አነሱና ጣታቸውን ሰደዱ። አስቀመጡት። ሌላ አነሱ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ያ ዘውዴ፣ እነዚህን ማን መረጣቸው?»

«ጄሉ ነው፣ ዶክተር።»

«ጄሉ እጅ የለውም። አንተ ነክተሃቸዋል?»

አልነካሁም ነበር። ውጤቱ ስላማረብኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የመረጥኩት። ሙስጠፋ ሦስቱን አረዳቸው። ሆዳቸው ሲከፈት ከእያንዳንዱ ጡጫ የሚያህል ሞራ ወጣ። የሦስቱን ደም እንደ አዲስ ቀድቼ፣ በሦስተኛው ቀዳዳ ውሃ ሰክቼ፣ ጄሉ እስኪጨርስ ደጁ ላይ ስንጎራደድ ዋልኩ። ሦስቱም የስብ ፊደል የያዙ ሆነው ወጡ። የድሮውን ወረቀት ከቀኝ ወደ ግራ ሳነበው ልቅም ብሎ ገጠመ፤ የቱን እንዳስቀረሁና የቱን ወደ ቄራ እንደላክሁ ያን ጊዜ በግልጽ አየሁት። ካስቀረኋቸው አሥራ ሁለት ውስጥ ትክክለኛዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለት አባት ለአንድ መንጋ ማለት ደግሞ ከሁለት ትውልድ በኋላ እኅትና ወንድም ማጋባት ነው።

ዶክተር ኢድሪስ ቢሮ ገብቼ ቆምኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ውሃውን እኔ ነኝ ያስተውኩት» አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

«ሙስጠፋ እንደ እጁ ደረደረ፤ አንተ እንደ ዓይንህ አነበብክ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ውሃዋ ለዚህ ነበረች» አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «ሃያ ስምንቱም ታርደዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ነው የዘበኛው ወረቀት ትዝ ያለኝ። ሮጬ አመጣሁት። ከስምንቱ የታደሉ አውራዎች አምስቱ ትክክለኛዎቹ ናቸው! ዶክተር ኢድሪስ ተስፋ እንዳያደርጉ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ «ከታደሉ ስንት ጊዜ ሆናቸው? እስካሁንማ ተበልተዋል» አሉ።

«ዶክተር፣ ጾም ላይ ነን። እስከ እሑድ ዶሮ የሚቀምስ የለም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። «ሂድ፣ አምጣቸው። የሰቡትን ወስደህ ለውጥ» አሉኝ።

በማግሥቱ ስቅለት፣ የሰቡትን አውራዎች በሣጥን አድርጌ ፒክአፕ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ የሆስፒታል ራጅ ባለሙያ ወደሆነው ተስፋዬ ዘንድ ነው፤ ሁለት አውራ በረንዳው ላይ አስሯል። ነገሩን ሳስረዳው በጥርጣሬ አየኝና፣ የመጣለትን ምትክ ዶሮ ሆዱን ጨበጥ አደረገው። «እንዴ! ይሄማ ቅቤ በቅቤ ነው! ጋሽ ዘውዴ፣ ሞኝ ነህ እንዴ ይሄን በዚያ ክስታም የምትለውጠው?» አለኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስብ ለማጥፋት ሲደክም፣ የአገሬ ልጅ ስቡን አይቶ ሲደሰት ማየት ደስ ይላል። ሁለቱንም ለወጠኝ። ሦስተኛው አውራ ከአንድ ግቢ አጥር ዘሎ ጠፍቷል። አራተኛውን ያሳደገችው ልጅ እያለቀሰች «ማዳም እንግዳ መጣባትና ከሩዝ ጋር ካብሳ አደረገችው» አለችኝ። የቀረው አምስተኛው ብቻ ነው፤ ከአርባዎቹ ሁሉ ክብደቱ ትልቁ፣ ሞራው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው እሱ ነበር። ያለው ኾባር፣ አንድ ቪላ ጣሪያ ላይ፣ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው።

ጥሩወርቅ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት የቤት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳርቻ ወጥቶ ስለነበር ደውዬላት በጓሮ ደረጃ አስወጣችኝ። ስትሰግድ ነው የደረስኩባት፤ ግንባሯና ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። አውራው በውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል።

«ሻለቃ ነው ስሙ» አለችኝ። «አረማመዱን አይተውት የለ?»

ነገርኳት። የሰባውን አውራ አውጥቼ አሳየኋት። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው።

«ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉኝ» አለች። «ሾፌሩ ነገ ማታ መጥቶ ሊያርድልኝ ተነጋግረናል። ማዳምም 'ኸላስ፣ ከበዓላችሁ በኋላ ድምፁን እንዳልሰማ' ብላኛለች። ይኼን ያህል ቀን ከምስሬ እየቀነስኩ አብልቼዋለሁ። አብሮኝ የጾመ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የኔ የምለው እሱን ብቻ ነው።»

አንጀቴን በላችው። የራሴን ጥፋት ለማረም ከእሷ ልቀማ መምጣቴ አሳፈረኝ። «እውነትሽን ነው። ዕዳው የኔ ነው። ካልሽ ትቼው እሄዳለሁ» አልኳት፤ የምሬንም ነበር።

አውራው መጥቶ የቀሚሷን ጫፍ መንቆር ጀመረ።

«ምን ታደርጉታላችሁ?»

«አባት እናደርገዋለን።»

«አይታረድም?»

«አይታረድም። አርጅቶ ነው የሚሞተው።»

«እንዲያ ነው እንጂ መጀመሪያ የሚነገረው!» አለች ቆጣ ብላ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ውሰዱት። ለከርሞ ግን ልጁን ያመጡልኛል።»

ማልኩላት። መኪናው ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሦስት ጣቴን ከሆዱ ሥር መስደድ ነበር። ቆዳና ጡንቻ ብቻ። መሪው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ዶክተር ኢድሪስ ሦስቱን አውራዎች ቤት ሰባት አላስገቧቸውም፤ በሽታ ይዘው እንዳይመጡ ለብቻ አስቀምጠው፣ ደማቸውን ደጋግመው አስመርምረው፣ ዘራቸውን በእጅ ወስደው ነው ሴቶቹን ያስጠቁት። ኾባር ላይ አቡ ናስር «ማነው ያጠፋው?» ሲል ሙስጠፋ ፊቱ ነጣ፤ ከእኔ በፊት ቃል እንዳይተነፍስ ፈጥኜ በዐረብኛ «አነ»፣ እኔ ነኝ፣ አልኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ፋይሌ ውስጥ ያለች ብቸኛዋ ደብዳቤ ናት፤ አሁንም አለችኝ።

የሻለቃና የጓደኞቹ ልጆች በደረሱ ቀን፣ ዶክተር ኢድሪስ የመጀመሪያውን አውራ አነሱና ጣታቸውን ሰደዱ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ እኔ እጅ ላይ አስቀመጡልኝ። ነካሁት። ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«አሁን ወረቀቱን አምጣ» አሉኝ። ቤት ሰባት ሳይዘጋ ቀረ። እሳቸው በ2018 ወደ አገራቸው ገቡ፤ እኔም በማግሥቱ ዓመት ስድሳ ሲሞላኝ ኹሩጄን፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛዬን፣ አስመትቼ ወጣሁ። ሲሰናበቱኝ መንጋውን አደራ አላሉኝም፤ «ውሃዋን እንዳትረሳ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ጥሩወርቅም አልተረሳችም። ሻለቃን በወሰድኩ በዓመቱ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ለዘር ካልተመረጡት ልጆቹ መሐል ቁርጥ አባቱን የሚመስል አውራ መርጬ፣ ዘበኛው ዘንድ በደስታ ፈርሜ ኾባር አደረስኩላት። በሩ ላይ ተቀብላኝ አቅፋ አየችው፤ ሆዱንም ጨበጥ አደረገች። «ይኼ ደግሞ ምን ስብ አለው ብላችሁ ነው!» ብላ ስቃ ገባች። በበዓሉ ቀን ቀትር ላይ እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ።

«ወጡ እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«የምን ወጥ?»

«የዶሮው ነዋ!»

«አላሳረድኩትም» አለችኝ። «በእንቁላል ገደፍኩ።»

«ዓመት ሙሉ ስትጠብቂው ቆይተሽ!»

«እንዴ ጋሼ» አለችኝ፣ ከኋላዋ ጣሪያው ላይ ሲጮህ እየሰማሁት፣ «አባቱን አውቀው የለም እንዴ? የማውቀውን ሰው ልጅ እንዴት ብዬ ነው የማሳርደው?»